ሳይቀመስ የሚሠራ ዶሮ ወጥ፦ ለትንሣኤ ሌሊት

የፋሲካን ዶሮ የሚሠራ ሰው አይቀምሰውም። ሁዳዴ 55 ቀን ተጹሞ፣ ዓርብ ሲሰገድ ተውሎ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ድስቱ ይጣዳል፤ ወጡ የሚበላው ግን ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። በመካከሉ ጨው በዛ አነሰ፣ በርበሬው በሰለ አልበሰለ ብሎ ጣት መላስ የለም። ጎንደር ያደግን ልጆች እናቶቻችን እንዲህ ሲሠሩ እያየን ስላደግን ተራ ነገር ይመስለናል። እኔም ይመስለኝ ነበር፤ የእማዬ ጉልበት ደክሞ ማማሰያው ወደኔ እስኪዞር ድረስ።

እማዬ አሁን በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ ነው የምታዝዘኝ። አንድ ቀን እንኳ «ቅመሺው» ብላኝ አታውቅም፤ «ስሚው»፣ «አሽቺው» ነው የምትለው። የወጡን አሠራር ከእነዚህ ምልክቶች ጋር እነሆ።

ለአንድ ዶሮ የሚያስፈልገው

አንድ የሀበሻ ዶሮ፣ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ በቡና ሲኒ 4 በርበሬ (150 ግራም ገደማ)፣ ሩብ ኪሎ ንጥር ቅቤ፣ አንድ ሲኒ ዘይት፣ 2 ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ መከለሻ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ 3 ሎሚ፣ በሰው ቁጥር ልክ እንቁላል፣ ጨው።

ገበያውን እስከ ረቡዕ ጨርሱት። ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን አለ፣ ዓርብ ስግደት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት የሄደ ሰው የተረፈውን ነው የሚገዛው። የጎንደሩ ቅዳሜ ገበያም ስሙ ቅዳሜ ይሁን እንጂ ሌላም ቀን ሻጭ አይጠፋበትም። ዶሮ ስትገዙ ላባዋን አትመኑ። ደረቷን ጨብጡ፤ አጥንቱ እንደ ቢላ ስለት የሚቆረቁር ከሆነ ሥጋ የላትም። ብዙ ሰው ለበዓል አውራ ዶሮ ይወዳል፤ እኔ ቄብ ነው የምመርጠው። አውራው ለዓይን ያምራል እንጂ ሥጋው ይጠነክራል።

ሽንኩርቱ ከፎገራ የመጣ ትልልቁ ከሆነ ውሃ ስለሚበዛበት እሳት ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ትንንሹ የሀበሻ ሽንኩርት ቶሎ ይደርሳል፣ ይጣፍጣልም፤ ለመላጥ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ልጆቹን ሰብስባችሁ አስልጧቸው።

ዶሮዋን ማዘጋጀት

ቅዳሜ ረፋድ ቀሳውስቱ ቄጤማ ይዘው ደጃፍ ደጃፉን ሲዞሩ፣ እኛም ቄጤማችንን ግንባራችን ላይ አስረን ዶሮዋን እናሳርዳለን። ቤት ውስጥ ወንድ ከሌለ ጎረቤት ይጠራል። ላባዋ በፈላ ውሃ ይነጫል፣ የቀረው ጸጉር በነበልባል ይለበለባል። ሆዷ ሲከፈት ሐሞቱ እንዳይፈስ ተጠንቀቁ፤ ከፈሰሰ የነካውን ሥጋ ቆርጦ መጣል ነው እንጂ በመታጠብ አይለቅም።

ብልቱ 12 ነው። ድሮ ልጃገረድ ለትዳር መድረሷ የሚለካው በዶሮ ብልት አወጣጧ ነበር ይባላል። የብልቶቹ ስም ከቤት ቤት ይለያያል፤ በእኛ ቤት ሁለት ታፋ፣ ሁለት ቅልጥም፣ ሁለት ክንፍ፣ ሁለት መላላጫ፣ አንድ ፈረሰኛ፣ አንድ አንገት፣ ጀርባው ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ነው 12 የሚሞላው። አጥንት በመጥረቢያ አይሰበርም፤ ቢላው መጋጠሚያውን ፈልጎ ይገባል። ቢላው ከታገለ ቦታው እዚያ አይደለም ማለት ነው፤ እግሩን ወዘወዝ አድርጋችሁ መጋጠሚያውን በጣት ፈልጉ። ታፋውንና ቅልጥሙን ሁለት ሦስት ቦታ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጉት፣ መረቁ እንዲገባው።

ከዚያ እጥበት። መጀመሪያ በጨውና በዱቄት ይታሻል፣ ቀጥሎ በሎሚ፤ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይደጋገማል። በመጨረሻ ሎሚ በተጨመቀበት ቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ይቆይ። ይህን ያህል ነው፤ ዶሮን ሲያጥቡ መዋል ሙያ የሚመስላቸው አሉ፣ እኔ ግን የሥጋውን ጣዕም ጭምር ያጠቡት ይመስለኛል።

ሽንኩርቱ

ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ መክተፍ ከጀመራችሁ 8 ሰዓት ላይ ይጣዳል። ልቅም አድርጋችሁ በቢላ ክተፉት። ማሽን ቢፈጨው ሥራ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሽንኩርቱ ውሃ ሆኖ ይወጣና ከመቁላላት ይልቅ ይቀቀላል፣ ያ ደግሞ እስከ መጨረሻው ሽታው አይለቅም።

ባዶ ድስት ውስጥ፣ ያለ ዘይት፣ መካከለኛ ከሰል ላይ ጣዱት። እዚህ ላይ ጆሮ ይሠራል። መጀመሪያ ሽንኩርቱ የራሱን ውሃ አውጥቶ ይንተከተካል፤ ይህ ድምፅ እስካለ ድረስ አልፎ አልፎ ማማሰል ይበቃል። ውሃው ሲያልቅ ድምፁ ይቀየራል፤ መንተክተኩ ይቆምና ስስ ያለ ጭስስ የሚል ድምፅ ይመጣል። ከዚህ በኋላ ከድስቱ አትራቁ። መያዝ ሲጀምር የፈላ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ፣ የድስቱን ግርጌ እየፋቃችሁ አማስሉ። ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። መድረሱን ለማወቅ ማማሰያውን በድስቱ ግርጌ በመሐል ለመሐል ሳቡት፤ መንገዱ ወዲያው ከተገጠመ ገና ነው፣ ተከፍቶ ትንሽ ከቆየ ደርሷል። መልኩም የደረቀ የሸንኮራ ገለባ መምሰሉ ቀርቶ ቡናማ ይሆናል።

በርበሬው

ዘይቱን ጨምራችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ካማሰላችሁ በኋላ በርበሬውን አግቡ፤ ወዲያው በትንሽ ሙቅ ውሃ አርጥቡት፤ ደረቁን ከነካው ያርራል። የተቃጠለ በርበሬ ደግሞ መላ የለውም፤ መራራ ነው፣ ቅቤም አይደብቀውም።

አፍንጫ ሥራ የሚጀምረው አሁን ነው። ጥሬ በርበሬ ያስነጥሳል። እኛ ቤት በርበሬ ሲገባ ጓዳው በሙሉ ያስነጥሳል፣ ድመቷ ሳትቀር ትወጣለች። እያማሰላችሁ፣ ሲደርቅ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ስትቆዩ፣ ማስነጠሱ እየቀነሰ ይመጣና ሽታው ይከብዳል፣ ወደ ጣፋጭነት ያደላል። አንድ ሰው ከውጭ ገብቶ ሳያስነጥስ «ምን ይሸታል እናንተ ቤት!» ካለ በስሏል። አርባ ደቂቃ ቢፈጥን ነው፤ እኔ አንድ ሰዓት እሰጠዋለሁ። የተወቀጠው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በመካከሉ ይገባል።

እማዬ የምታምነው ግን ሌላ መፈተኛ ነው። ከቁሌቱ አንዲት ጠብታ ነጭ ሳህን ላይ ጣል ታደርግና እስከ ሃያ ትቆጥራለች። በጠብታዋ ዙሪያ ቀጭን የውሃ ክብ ከወጣ ሽንኩርቱና በርበሬው ገና አልተዋሃዱም። የሚወጣው ቀይ ቅባት ብቻ ከሆነ «በይ ቅቤውን አምጪ» ትላለች። ቅቤው ገብቶ አሥር ደቂቃ ያህል ይቁላላ።

ጨው

ጨው በዓይንም በአፍንጫም አይታወቅም፤ ስለዚህ በልክ ነው የሚሄደው። ለዚህ መጠን አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ያልተቆለለ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ስላለበት ከዚህ አትለፉ። ያነሰ ጨው ሌሊት ሲገደፍ ይስተካከላል፤ የበዛው ግን አይወጣም።

አንድ ዓመት እኔም ጨመርኩ፣ እህቴም እኔ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ጨመረች። ማናችንም አልቀመስንም፣ ማናችንም አልተናገርንም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ጉርሻ ሲገባ አጎቴ ዝም ብሎ ውሃ ጠየቀ፤ ቀጥሎ ሁሉም ውሃ ጠየቀ። ያዳነን ጨው ያልገባበት አይብ ነበር፤ አንድ ማንኪያ ወጥ ለሁለት ማንኪያ አይብ እያደረግን በላን። ከዚያ ወዲህ ሕግ አለን፦ ጨው የጨመረ ሰው ማንኪያውን የድስቱ ክዳን ላይ ይተዋል። ማንኪያ ካለ ጨው ገብቷል።

ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ስለማይጾሙ እነሱን ማስቀመስ ይቻላል የሚሉ አሉ። ሞክረነዋል። ልጅ ሁሉንም «ይጣፍጣል» ነው የሚለው፣ ከዚያም አንድ እግር ካልተሰጠኝ ብሎ ያለቅሳል።

ዶሮዋ ስትገባ

ከተዘፈዘፈችበት አውጥታችሁ በደንብ አንጠፍጥፉ፤ ውሃ ይዛ ከገባች የለፋችሁበት ቁሌት ይቀጥናል። መጀመሪያ ጠንካራው ይግባ፦ ታፋ፣ ቅልጥም፣ ጀርባ፣ አንገት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ክንፍ፣ መላላጫና ፈረሰኛ ይከተላሉ። ሥጋው ውሃውን ሲያወጣ ወጡ ለጊዜው ይቀጥናል፣ አትደንግጡ፤ እሳቱን ቀንሳችሁ ክዳኑን ገርበብ አድርጉት። ከዚህ በኋላ በማማሰያ መወቀጥ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለየዋል፤ ድስቱን በጆሮው ይዞ መነቅነቅ ይሻላል።

ለዶሮ «ይህን ያህል ደቂቃ» የሚል ከሌላ አገር የመጣ መመሪያ ካነበባችሁ ለጎንደር ጨምሩበት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሥጋም እንቁላልም ይዘገያል። የሀበሻ ዶሮ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። መብሰሉን ከቅልጥሙ ጫፍ እዩት፤ ሥጋው ወደ ላይ ሸሽቶ የአጥንቱ ጫፍ ብቅ ሲል ደርሷል። ቅቤውም ከላይ ተንሳፍፎ ቀይ ሆኖ ይታያል።

እንቁላሉን ለብቻ ሩብ ሰዓት ያህል ቀቅላችሁ ላጡ፣ በቢላ ጫፍ ጫር ጫር አድርጉና ወጡ ውስጥ ክተቱ። መከለሻውና ኮረሪማው የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ናቸው፤ ቀድመው ከገቡ ሽታቸው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ምሽት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ድስቱ ይወጣል። ሌሊት ስትመለሱ በዝግታ እሳት፣ ከዳር እስከ ዳር እስኪፈላ ድረስ ይሙቅ።

ማካፈል

ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንመለስ ሆድ ባዶ ነው። ሁለት ወር ገደማ ቅባት ያላየ ሆድ ላይ ዶሮ ወጥ መጫን ደግሞ ፋሲካን ተኝቶ ማሳለፍ ነው። መጀመሪያ አንድ አንድ ብርጭቆ ተልባ ይጠጣል። ከዚያ ሞሰቡ ይከፈታል፣ ትልቁ ሰው ይባርካል፣ ዳቦ ይቆረሳል።

እኛ ቤት ዘጠኝ ሰው ነው የሚገድፈው፤ ብልቱ 12። ሞሰቡ ሳይቀርብ በፊት አንድ ቅልጥም፣ አንድ ጀርባና ሁለት እንቁላል ሳህን ላይ ተደርጎ ይከደናል፤ ብቻቸውን ለሚኖሩት አዛውንት ጎረቤታችን ነው። ይህን መጀመሪያ ካላደረጋችሁ በኋላ የሚተርፈው አንገት ነው፣ አንገት ልኮ ደግሞ «እንኳን አደረሰዎ» ማለት ያሳፍራል። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሥጋው ስለማይሆን ድፎ ዳቦና ያልተቆላ ቡና ነው የምንልከው፤ እነሱም ለዒድ እንዲሁ ያደርጋሉ። የቀረው አሥር ብልት ነው፤ ዘጠኙ ለዘጠኝ ሰው፣ አንዷ ለደራሽ እንግዳ። እንቁላል ግን ለሁሉም እኩል ነው፤ በእንቁላል የተጣሉ ወንድማማቾች አውቃለሁ።

ፈረሰኛ የአባወራ ነው። አባባ ካረፈ በኋላ የመጀመሪያው ፋሲካ ላይ ፈረሰኛው ሞሰቡ መሐል ቀርቶ ማንም እጁን ሳይዘረጋ ቆየ። በመጨረሻ እማዬ አነሳችና በታተነችው፤ ለዘጠኛችንም ከዚያው ላይ በየተራ አጎረሰችን። አሁንም እንደዚያው ነው የምናደርገው። ስለዚህ በእኛ ቤት የሚታደለው ስምንት ብልት ነው፣ ለልጆቹም ሥጋው ተቦጭቆ ይሰጣል፤ የተረፈችዋ ክንፍ እሑድ ቀትር ላይ ለሚመጣ ሰው ትቆያለች።

ወጡ ከተረፈ ሰኞ የተሻለ ይጣፍጣል። ሙሉውን ድስት ደጋግሞ ማሞቅ ሥጋውን ያፈርሰዋል፤ የሚበቃችሁን በጭልፋ እያወጣችሁ በትንሽ ድስት አሙቁ። ማለቂያው ላይ ግርጌው ላይ የሚቀረው ወፍራም ቁሌት በትኩስ እንጀራ ይጠረጋል። እሱ ያማሰለው ሰው ድርሻ ነው፤ በእኛ ቤት ለማንም አይካፈልም፣ ሲጠይቁኝም አልሰማም።