ከልመናው በፊት «አባታችን»

ለብዙ ዓመታት የጸሎት ደብተር ነበረኝ። በግራ በኩል ልመናዬን፣ በቀኝ በኩል መልስ ያገኘሁበትን ቀን እጽፍበታለሁ። እናቴ ስትታመም የመጀመሪያው መስመር ላይ «እናቴን ማርልኝ» ብዬ ጻፍኩ። በ11ኛው ሳምንት አረፈች። ቀኝ በኩል ባዶውን ቀረ። ጸሎት ያሰብነውን ማስፈጸሚያ ከሆነ የእኔ ጸሎት ከንቱ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ብዬ ማመን ግን አልቻልኩም። ስለዚህ ሰው ለምን እንደሚጸልይ እንደ አዲስ መማር ጀመርኩ። ዛሬ በየጠዋቱ የማደርገው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ፤ ድምፁን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ እጅ ሳይታወቀው ይሄዳል። ከዚያ ቁጭ ብዬ ማንን ላናግር እንደሆነ አስባለሁ። ጌታችን «ሳትለምኑት አባታችሁ የሚያስፈልጋችሁን ያውቃልና» ብሏል (ማቴዎስ 6፥8)። እንግዲህ ለእግዚአብሔር ወሬ ለማድረስ አንጸልይም። የምንጸልየው እርሱ ዘንድ ለመሆንና ፈቃዳችንን ከፈቃዱ ጋር ለማስማማት ነው። ይህን ሳላስብ የጀመርኩት ጸሎት ወዲያው ዝርዝር ማንበብ ይሆንብኛል።

ቀጥሎ «አባታችን ሆይ» እላለሁ፤ ግን ቀስ ብዬ። በቃል የምናውቀው ጸሎት ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል፤ እናንተ ግን በየሐረጉ ቁሙ። በማቴዎስ ወንጌል ያለውን ቅደም ተከተል ልብ በሉ፦ ስምህ ይቀደስ፣ መንግሥትህ ትምጣ፣ ፈቃድህ ትሁን። እንጀራችን የሚመጣው ከእነዚህ ሦስቱ በኋላ ነው። አንድ ቀን «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ላይ ስቆም የእህቴ ፊት መጣብኝ። በእናታችን ዕቃ ክፍፍል ተኳርፈን ወራት አልፈው ነበር። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለውን አፌ እምቢ አለኝ። ሁለት ጊዜ ሞክሬ አልሆነም። ተነሥቼ ስልኬን ካስቀመጥኩበት አመጣሁና ደወልኩላት። ጸሎቱን የጨረስኩት ከእሷ ጋር ካወራሁ በኋላ ነው። እንዲህ የሚያቋርጣችሁ ነገር ሲመጣ አትለፉት።

ከዚህ በኋላ የልባችሁን ለምኑ፣ በግልጽ፣ ሳታሳምሩ። ሐናን አስቧት (1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1)። የለመነችው ወንድ ልጅ ነው፤ አላድበሰበሰችም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም፤ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። ይህን ታሪክ ሳነብ ለረጅም ጊዜ ያለፍኩት ነገር አለ። ሐና ከዚያ ስትመለስ በላች፤ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም። ገና አልፀነሰችም! የለመነችው በእጇ ሳይገባ እሷ ተለውጣለች።

ያን ጊዜ የእናቴ ሕመም ወራት ትዝ አለኝ። በየጠዋቱ ከጸሎት ወንበሬ ተነሥቼ ነበር ወደ ክፍሏ የምገባው። ፀጉሯን ሳበጥርላት እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር። ያንን የምጽፍበት ዓምድ ደብተሬ ላይ አልነበረም።

መልሱ «አይሆንም» ሲሆንስ? ጌታችን በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል እየደገመ ሦስት ጊዜ ጸለየ፤ ጽዋው አላለፈም። ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ቃል ነው። ስለዚህ ደግሞ መለመን እምነት ማጣት አይደለም። መከልከልም መጠላት አይደለም። «አጥብቀህ ስላልጸለይክ ነው» ብሎ ሐዘንተኛን የሚወቅስ ሰው እነዚህን ሁለቱን ረስቷል፤ እኔም ተብያለሁና ቁስሉን አውቀዋለሁ።

ቃል የሚጠፋበት ቀን ይመጣል። የዚያን ቀን መዝሙረ ዳዊትን ክፈቱና የሌላ ሰው ጩኸት ተውሳችሁ ጩኹ። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ የሚጀምረው መዝሙር «እስከ መቼ» የሚለውን አራት ጊዜ ይደጋግማል። ከቀብር በኋላ ባሉት ሳምንታት እኔ ከዚያ ሌላ ጸሎት አልነበረኝም፤ በቂም ነበር።

ሰዓትን በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ። ዳንኤል በቀን ሦስት ጊዜ ይንበረከክ ነበር፤ ነህምያ ደግሞ በንጉሡ ጥያቄና በራሱ መልስ መካከል ጸልዮአል። ለጀማሪ ቋሚ ቦታና አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ሐሳባችሁ ሲሸሽ ደግሞ እየታገላችሁ አትመልሱት። ወዴት እንደሄደ እዩ። ወደ ሥራው ከሄደ ስለ ሥራው፣ ወደ ልጁ ከሄደ ስለ ልጁ ለአባታችሁ ንገሩት፤ ከዚያ ወዳቆማችሁበት ሐረግ ተመለሱ።