በአሜሪካ የመንግሥት መሬት ላይ ቅሪተ አካል ለመልቀም

ከላስ ቬጋስ ወይም ከዴንቨር ቅዳሜ ማለዳ ቅሪተ አካል ለመልቀም ከመውጣትዎ በፊት የመሬቱን ባለቤት ያጣሩ። አጥር የሌለው በረሃ ሁሉ አንድ አይደለም። በብሔራዊ ፓርክ አንዲት ጠጠር ማንሳት ክልክል ነው፤ የግል መሬት የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል። እዚህ የምንጽፈው ቢኤልኤም (Bureau of Land Management) ስለተባለው የፌዴራል የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት መሬት ነው። እዚያም ቢሆን የተዘጋ አካባቢ ስለማይጠፋ ለአካባቢው ቢሮ አስቀድመው ይደውሉ። የባለቤትነት ካርታውን ቤት ሳሉ ስልክዎ ላይ ይጫኑ፤ በረሃው ላይ ኔትወርክ የለም።

ቀጥሎ የሚጠየቀው እንስሳው የጀርባ አጥንት ነበረው ወይ የሚለው ነው። በብዛት የሚገኙ ትሪሎባይት (የጀርባ አጥንት የሌለው የጥንት የባሕር እንስሳ)፣ ዛጎልና የቅጠል አሻራ ያለ ፈቃድ ወረቀት ይለቀማሉ። አጥንት፣ ጥርስ፣ የዳይኖሰር እንቁላልና የእግር ዱካ ግን ፈቃድ ላለው ተመራማሪ ብቻ ናቸው። ሰው በብዛት የሚሳሳተው በሻርክ ጥርስ ነው። ጥርሷ ጥፍር ብታክልም ሻርክ አከርካሪ ያለው ዓሣ ስለሆነ ኪስ ውስጥ አትገባም። ስብራቱ እንደ ስፖንጅ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ድንጋይ ካዩ አጥንት ሳይሆን አይቀርም፤ አይንቀሉት። አጠገቡ ሳንቲም አድርገው ፎቶ ያንሱ፣ ቦታውን በስልክዎ መዝግበው ለቢሮው ያሳውቁ። ተነቅሎ የመጣ አጥንት ከየትኛው የድንጋይ ንብርብር እንደወጣ ስለማይታወቅ ለሳይንስ ግማሽ ዋጋ እንኳ የለውም።

የሚፈቀደው ለአንድ ሰው በቀን 25 ፓውንድ (11 ኪሎ ገደማ)፣ በዓመት 100 ፓውንድ ነው። የቤተሰቡን ድርሻ ደምሮ አንድ ትልቅ ድንጋይ መጫን አይቻልም። ትንሽ መዶሻ፣ የእጅ መኮትኮቻና ወንፊት ይበቃሉ፤ ዶማ፣ ትልቅ አካፋና በሞተር የሚሠራ መሣሪያ ክልክል ናቸው። የሚቆፍሩት ስፋት ከአንድ ካሬ ያርድ አይለፍ፤ በሁለት ጉድጓድ መካከል ቢያንስ 10 ጫማ ይተዉ።

ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት የራሱ ደንብ አለው፦ በቀን 25 ፓውንድና አንድ ተጨማሪ ቁራጭ፣ በዓመት እስከ 250 ፓውንድ።

የለቀሙትን መሸጥም ሆነ በዕቃ መለወጥ አይቻልም። ደንቡን የጣሰ ሰው ሲከሰስ፣ በፈረንጆች 2009 የወጣው የቅሪተ አካል ጥበቃ ሕግ የቅሪተ አካሉን ዋጋ ከማደሻና ከመጠገኛ ወጪው ጋር ይደምራል፤ ድምሩ ከ500 ዶላር ካለፈ እስራቱ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ባለሙያ ልኮ ማስጠገን ብቻውን 500 ዶላር ለመሙላት ብዙ አይቸገርም።