ሽጉጥ ስትመርጡ እጀታውን እዩ

ይህ ምክር በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ላላችሁ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ከልብስ ስር የሚያዝ ሽጉጥ ሲመርጥ የሚያየው የአፈሙዙን ርዝመት ነው። የሚያሳብቀው ግን እጀታው ነው። አፈሙዙ ወደ ታች ሱሪ ውስጥ ይገባል፤ እጀታው ከቀበቶ በላይ ይቀርና ጎንበስ ስትሉ ሸሚዙን ይገፋዋል።

ስለዚህ ካዝናውን (የጥይት መያዣውን) አውጡ፣ ጥይት አለመጉረሱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ቃታውን በሚሸፍን የሽጉጥ ማህደር ውስጥ አድርጋችሁ መስታወት ፊት ጎንበስ በሉ፣ ቁጭ በሉ። ደሴ በምትለብሱት ጃኬት አትሞክሩት፤ ለጦሳ ተራራ ብርድ የተለበሰ ልብስ ምኑን ያሳያል? ኮምቦልቻ ስትወርዱ በምትለብሱት ስስ ሸሚዝ ይሁን።

እጃችሁ ትልቅ ከሆነ ግን በጣም አጭር እጀታ ይቅርባችሁ። ትንሿ ጣት መያዣ ስታጣ ሽጉጡ ሲተኮስ እጅ ውስጥ አይረጋም።