ላፕቶፕ ስንት ዓመት ይኖራል? ባሕር ዳር ላይ ዕድሜውን የሚያሳጥሩ ስህተቶች

አንድ ሚያዝያ፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን፣ የማስተርስ ተማሪ የሆነች ልጅ ላፕቶፕዋን በነጠላ ጠቅልላ ወደ መጠገኛ ክፍሌ መጣች። «ወንድሜ፣ ሦስት ዓመት ሠራሁበት፤ አሁን አርጅቷል። ስንት ቢሸጥ ይሻላል?» አለችኝ። ማሽኑ በተከፈተ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። የሥሩን ብሎኖች ፈትቼ ክዳኑን አነሣሁት። በማራገቢያውና ሙቀቱ በሚወጣበት የብረት ክንፍ መካከል ባዘቶ የመሰለ አቧራ ተጋግሯል፤ ማታ ማታ መብራት የሚከብቡት ጥቃቅን ነፍሳት ክንፋቸው ሳይቀር አብረው ደርቀዋል። ባዘቶውን በወረንጦ ሳብኩት፤ እንደ ተሰፋ ጨርቅ አንድ ላይ ወጣ። የማሽኑ አንጎል በሆነው በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ጠርጌ አዲስ ቀባሁለት። ልጅቱ የመመረቂያ ጽሑፏን የጨረሰችው በዚያው ላፕቶፕ ነው።

በጥቅሉ ተራ የቤት ላፕቶፕ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ ለመሥሪያ ቤት ተብሎ የተሠራው ጠንካራው ዓይነት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት በደንብ ያገለግላል ይባላል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን እጄ ላይ ከሚደርሱት ብዙዎቹ በእርጅና አይደለም የሚሞቱት። ልንከላከለው በምንችለው ነገር ነው፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ዕድሜውን ከገዙበት ቀን ጀምሮ መቁጠር

እዚህ ከምናየው ላፕቶፕ ብዙው ከውጭ አገልግሎ የመጣ ነው። ሌኖቮ ቲንክፓድ፣ ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ፦ ጥሩ ዕቃዎች ናቸው፤ ከአዲስ ርካሽ ላፕቶፕም እነሱን እመርጣለሁ። ስህተቱ «ትናንት ነው የገዛሁት» ብሎ ዕድሜውን ከትናንት መጀመር ነው። ማሽኑ እኮ እርስዎ ጋ ከመድረሱ በፊት ስድስት ዓመት ሠርቶ ሊሆን ይችላል።

የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነ ትውልዱን ከስሙ ማንበብ ይቻላል። ኮር አይ 5 ካለ በኋላ የሚከተለውን ቁጥር ይመልከቱ። 6300 ከሆነ ስድስተኛ ትውልድ ነው፤ ያ ትውልድ ገበያ ላይ የዋለው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። 8250 ስምንተኛ ነው፤ እሱ የ2017 ነው። 10210 ካለ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አኃዞች ይውሰዱ፤ አሥረኛ ነው። ይህን ሳያዩ ዋጋ አይነጋገሩ። ሻጩ «እንደ አዲስ ነው» ቢልዎት ቅሬታ የለኝም፤ ሽፋኑ እንደ አዲስ ሊሆን ይችላል። ዕድሜውን የሚነግርዎት ግን ቁጥሩ ነው።

ሙቀትንና አቧራን መናቅ

ባሕር ዳር በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ብዙው ማሽን ራሱን ያጠፋል። ባለቤቱ «ዘገየ፣ አረጀ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው።

አልጋ ላይ፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት ዋናው ጥፋት ነው። አየር የሚስበው በሥሩ ባለው ቀዳዳ ነውና ጋቢው አፉን ይደፍንበታል። ሰፊ የእንጨት መክተፊያ እንኳ ከሥሩ ቢያደርጉለት ትልቅ ውለታ ነው። ማታ በጨለማ የሚሠሩ ከሆነም ለጥቃቅኖቹ ነፍሳት ብቸኛው መብራት የእርስዎ ስክሪን ይሆናልና የክፍሉን አምፖል ከላፕቶፑ ራቅ አድርገው ያብሩ።

በዓመት አንድ ጊዜ ውስጡ ይጽዳ። እኔ የምመርጠው ግንቦትን ነው፤ የበጋው አቧራ ካለቀ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ። ብዙ ሰው ግን ላፕቶፑን ወደ ጎሚስታ ወስዶ በጎማ መንፊያ ያስነፋዋል። እባክዎ ይህን አያድርጉ! የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ከአየሩ ጋር ውኃና ዘይት ይተፋል፤ ግፊቱም ማራገቢያውን ከአቅሙ በላይ አሽከርክሮ ይሰብረዋል። ለስላሳ ብሩሽና በእጅ የሚጨመቅ ትንሽ መንፊያ ይበቃል፤ ሲነፉም ማራገቢያው እንዳይዞር በጣትዎ ያዝ ያድርጉት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ከሶኬት አለመንቀል

ጢስ ዓባይና ጣና በለስ ጎረቤቶቻችን ቢሆኑም መብራት መሄድ መምጣቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው መሄዱ አይጎዳውም። የሚጎዳው ሲመጣ ነው፤ ኃይሉ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከፍ ዝቅ ይላል። ዕድለኛ ከሆኑ የሚቃጠለው ቻርጀሩ ብቻ ነው። ካልሆኑ ሁሉም ክፍል የሚገናኝበት ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የቻርጅ ክፍል አብሮ ይሄዳል፤ የእሱ ጥገና ደግሞ አንዳንዴ የላፕቶፑን ግማሽ ዋጋ ይጠይቃል።

ስለዚህ መብራት ሲሄድ ይንቀሉ፤ ከመጣ በኋላም አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቀው ይሰኩ። ይህን ማስታወስ ከከበደዎት ለፍሪጅ የሚሸጠውን፣ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚለቀውን መከላከያ ይግዙ። ተራው ዲቫይደር ግን ቀዳዳ ያበዛል እንጂ ምንም አይከላከልም።

ቻርጀር ሲቀይሩ ሶኪው ስለገባ ብቻ አይግዙ። ጀርባው ላይ የተጻፈው ቮልት ከድሮው ጋር እኩል፣ አምፔሩ ደግሞ እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት።

ባትሪውን በድሮ ልማድ መያዝ

«መጀመሪያ አሥራ ሁለት ሰዓት ቻርጅ ይደረግ»፣ «እስኪያልቅ ድረስ አይሰካ» የሚሉት ምክሮች ዛሬ ላፕቶፕ ውስጥ ለሌለ የባትሪ ዓይነት የተነገሩ ናቸው። የዛሬው ሊቲየም አዮን ተሟጦ ማለቅን አይወድም፤ በሙቀት ውስጥ መቶ በመቶ ሞልቶ መዋልንም አይወድም። ብዙው የላፕቶፕ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ አቅሙ በግልጽ ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ ሰክተው የሚሠሩ ከሆነ በብዙ ማሽኖች ቅንብር ውስጥ ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ምርጫ ስላለ ያብሩት። ዊንዶውስም የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፦ አዲስ ሳለ 50 ሺህ ሚሊዋት ሰዓት ይይዝ የነበረው ዛሬ 30 ሺህ ከያዘ የቀረው ስድሳ በመቶ ነው። ያገለገለ ሲገዙም ይህ ሪፖርት እንዲወጣልዎት ይጠይቁ።

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ከፔዳም ከፖሊም የሚመጡ ተማሪዎች በየዓመቱ የሚሠሩት ስህተት አለ። ክረምት ላይ ወደ ቤተሰብ ሲሄዱ ላፕቶፑን ባትሪው ባዶ እንደሆነ ሻንጣ ውስጥ ይተዉታል። ጥቅምት ላይ ሲመለሱ ባትሪው ቻርጅ መቀበል አቁሟል። ግማሽ ያህል ሞልታችሁ አጥፉትና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፤ ክረምቱን አልፎ ይጠብቃችኋል።

ባትሪው አብጦ የመዳሰሻ ሰሌዳውን ወደ ላይ ከገፋ ግን ያን ቀን መጠቀም ያቁሙ። መውጋትም መጫንም አይሞክሩ፤ እሳት ሊነሣ ይችላል።

እንደበራ በባጃጅ ይዞ መሄድ

የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ በኮብልስቶን ላይ በባጃጅ ሲንገጫገጭ መረጃውን የሚያነበው መርፌ ዲስኩን ሊጭረው ይችላል። አጥፍተው ይያዙ።

የዘገየውን ሁሉ መጣል

ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ማከማቻ፣ በኤስኤስዲ መተካትና ራሙን (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማኅደር) ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ አንድን የስምንት ዓመት ማሽን እንደገና ያስነሣዋል። ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ እንዳይሆን ብቻ አስቀድመው ያስፈትሹ። በበኩሌ በዚህ ከተማ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ የዚህን ያህል የረካሁበት የለም።

እውነተኛ ገደብም አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለውን ይጠይቃል። ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ የያዛችሁ ማሽኑ ጤነኛ ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስን ጫኑበት፤ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ከበቂ በላይ ነው፤ አማርኛም ይጻፍበታል።

ፋይሉን በአንድ ማሽን ብቻ ማኖር

በሰኔ ያለቀሰ ተማሪ አይቻለሁ፤ የሁለት ዓመት ሥራው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ፍላሽም ይሁን ሌላ ዲስክ፣ ቅጂው ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ እንዳይሆን። ሃርድ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ማለት ከጀመረ ደግሞ አጥፍተው ሲያበሩት ላይነሣ ይችላልና እንደበራ ይቅዱ፤ ፎቶና ፊልሙን ይተዉና ከሁሉ በፊት በሌላ ቦታ የማያገኙትን ፋይል ያውጡ።