«ሞር ፋስተር» እና መሰሎቹ፦ በእንግሊዝኛ ስናወዳድር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ባሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች በሚተየብ የሥራ ማመልከቻ ውስጥ «አይ ወርክ ሞር ፋስተር ፍሮም አዘርስ» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢገኝ የሚደነቅ ሰው ጥቂት ነው። አመልካቹ ከሌሎች ይልቅ ፈጥኖ እንደሚሠራ መናገሩ ነው። ሐሳቡ ይገባል፤ ግን በአንድ መስመር ሁለት ስህተት ተሸክሟል።

የመጀመሪያው ድርብ ማወዳደሪያ ነው። «ፋስተር» ብቻውን «ይበልጥ በፍጥነት» ማለት ስለሆነ «ሞር» ሲታከልበት ይበላሻል እንጂ አይጠነክርም። እንደ ፋስት፣ ሃርድ፣ ሌትና ሱን ያሉት አጫጭር ተውሳከ ግሦች መጨረሻቸው ላይ «ኧር» ይጨምራሉ፤ «ሊ» ተቀጥሎባቸው የተሠሩት፣ ለምሳሌ ስሎውሊና ኬርፉሊ፣ «ሞር»ን ያስቀድማሉ። «ኧርሊ» ግን በ«ሊ» ቢያልቅም «ኧርሊየር» ይሆናል። ዌል ወደ ቤተር፣ ባድሊ ወደ ዎርስ ይለወጣሉ፤ «ሞር ቤተር» የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛው «ፍሮም» ነው፤ ሥሩም አማርኛችን ውስጥ ነው። «ከሜክሲኮ መጣሁ» ስንልም «ባቡሩ ከታክሲው ይፈጥናል» ስንልም ያው «ከ» ያገለግለናል። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል፤ ለመነሻ ቦታ «ፍሮም»፣ ለማወዳደሪያ «ዛን»። በዚያ ላይ በአማርኛው ማወዳደሩን የተሸከመው «ይፈጥናል» የሚለው ግሥ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ሸክሙ ወደ ተውሳከ ግሡ ይዛወራል፦ «ዘ ትሬን ጎዝ ፋስተር ዛን ዘ ታክሲ»። ይህን ዘንግቶ «ጎዝ ፋስት ፍሮም ዘ ታክሲ» ያለ ሰው፣ ባቡሩን ከታክሲው የሚሸሽ ያስመስለዋል።

ከሁሉም የከፋው «ሃርድሊ» ነው። ጠንክሮ መሥራት «ወርክ ሃርድ»፣ ይበልጥ ጠንክሮ መሥራት «ወርክ ሃርደር» ነው። «አይ ሃርድሊ ወርክ» ግን «ሥራ የምሠራው ከስንት አንዴ ነው» እንደ ማለት ነው። እንዲህ ብሎ የጻፈ አመልካች ቢያንስ በሐቀኝነቱ አይታማም።

«ቬሪ ፋስተር»ም አይባልም። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ «መች ፋስተር»፣ ጠባብ ከሆነ «አ ሊትል ፋስተር» ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ2004 እ.ኤ.አ. ሄንግሎ ላይ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ሲሮጥ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1998 ሄልሲንኪ ላይ ያስመዘገበውን 12 ደቂቃ ከ39.36 ሰከንድ ያሻሻለው በ2 ሰከንድ ያህል ነው። በሰዓት ብቻ ከተመዘነ «አ ሊትል ፋስተር» ነው፤ ስታዲየም አካባቢ ያለ የአትሌቲክስ ወዳጅ ግን «መች» ካልሆነ ብሎ ሊሟገት ይችላል፤ ሰዋስዉ ሁለቱንም ይፈቅዳል።

እኩልነትን ለመግለጽ «አዝ ፋስት አዝ» እንጂ «አዝ ፋስተር አዝ» አይባልም። ቅጽልን በተውሳከ ግሥ ቦታ መክተትም የተለመደ ነው፤ «ስፒክስ ሞር ፍሉየንት» ሳይሆን «ሞር ፍሉየንትሊ» ነው። በወግ ንግግር «ድራይቭ ስሎወር» ማለት ያስኬዳል፤ በማመልከቻና በፈተና ግን «ሞር ስሎውሊ» ይመረጣል።

ለነቃ ተማሪም የሚያስቸግረው «ሺ ሄልፕስ ሒሩት ሞር ዛን ሚ» ዓይነቱ ነው። እኔን ከምትረዳው በላይ ሒሩትን ትረዳለች? ወይስ እኔ ሒሩትን ከምረዳት በላይ እሷ ትረዳታለች? ዓረፍተ ነገሩ አይለይም። ለሁለተኛው ትርጉም «ዛን አይ ዱ»፣ ለመጀመሪያው «ዛን ሺ ሄልፕስ ሚ» ብሎ መጨረስ ነው።