ሪሞት አልሰራ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ባትሪው አዲስ መሆኑን፣ ተገልብጦ አለመግባቱንና ሪሲቨሩ ሶኬት ላይ መሰካቱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ሪሞት ከቴሌቪዥንም ሆነ ከሪሲቨር (ከዲሹ ሳጥን) ጋር የሚግባባው ዓይናችን በማያየው ብርሃን ነው። ሪሞቱ ጫፍ ላይ ያለችው ኤልኢዲ (ትንሿ አምፖል) 940 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ብርሃን ትልካለች። ብርሃኑ ዝም ብሎ የሚበራ አይደለም፤ በሰከንድ 38,000 ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም ይላል። በሪሲቨሩ ፊት ያለችው ባለ ሦስት እግር ጥቁር ዓይን ይህን ምት ብቻ ለይታ ወደ ዜሮና አንድ ትቀይረዋለች። ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ያለበት ነገር አንድ ነው፤ የተበላሸው ላኪው ነው ተቀባዩ? ይህ ሳይለይ ካቻቢቴ የሚያነሳ ሰው የሰው ንብረት እያበላሸ ነው።

መለያው ስልካችሁ ነው። ካሜራውን ክፈቱ፣ የሪሞቱን ጫፍ ወደ ሌንሱ አዙሩና ቁልፍ ተጫኑ። ነጭ ወይም ወይን ጠጅ ብልጭታ ካያችሁ ሪሞቱ እየላከ ነው። የብዙ ስልኮች የኋላ ካሜራ ይህን ብርሃን ስለሚያስቀር በሰልፊው ሞክሩ። ካሜራው ማየት መቻሉንም በሚሰራ ሌላ ሪሞት አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ካሜራው ላይ ምንም ብርሃን የለም

እኔ ጋ ለጥገና ከሚመጣው አብዛኛው ይህ ነው፤ መንስኤውም ሁሌ ማለት ይቻላል የፈሰሰ ባትሪ ነው።

በየሱቁ የሚሸጠው ርካሹ፣ «ሄቪ ዱቲ» የሚል የተጻፈበት ባትሪ ዚንክ ካርቦን ነው። ዚንኩ የባትሪው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጥ የሚበላው ራሱ ነው። ባትሪው እያለቀ በሄደ ቁጥር ግድግዳው ይሳሳል፣ በመጨረሻ ይበሳና ውስጡ ያለው ይወጣል። «ትንሽ ይሰራል» ተብሎ ውስጥ የተተወ ባትሪ ለዚህ ነው የሚያፈሰው። በጥርስ መንከስም ሆነ ፀሐይ ላይ ማስጣት ባትሪውን ለአንድ ቀን የሚያነቃው ይመስላል፤ የሳሳውን ዚንክ ግን ይሰነጥቀዋል። እባካችሁ ይህን ተዉ፤ ልጆችንም ከልክሉ።

ሪሞቱን ከነላስቲኩ ዓመታት የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ ላስቲኩን ላለመቅደድ ሲሉ ክዳኑን አይከፍቱም። ስከፍተው ባትሪው ከስፕሪንጉ ጋር ተጣብቆ፣ አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ሞልቶት አገኘዋለሁ። ዱቄቱን ጠርጎ አዲስ ባትሪ መክተት አይበቃም። ክፉው ጉዳት ስፕሪንጉ ቦርዱ ላይ ከተበየደበት ሥር ነው፤ ፈሳሹ ወደዚያ ወርዶ የመዳቡን መስመር ይበላዋል።

አንዲት እናት ሪሲቨሩን ራሱን ተሸክመው መጡ። ሌላ ቦታ «ዓይኑ ተቃጥሏል» ተብለው ከፍለው ተቀይሮላቸዋል፤ አሁንም አይሰራም። ሪሞቱን ሳየው የኔጌቲቩ ስፕሪንግ ከላይ ያብረቀርቃል። በቴስተር ስለካው ግን ከስፕሪንጉ እስከ ቦርዱ ግንኙነት የለም፤ ከሥሩ ያለው መዳብ ጠቁሮ እንደ ቅርፊት ተላጠ። አንዲት ቀጭን ሽቦ በየድኩና ሰራ። የተቀየረው ዓይን መጀመሪያውኑ ጤነኛ ነበር።

ሌላው የሲጋራ ብርማ ወረቀት ስፕሪንጉ ላይ ጠቅልሎ ያመጣው ልጅ ነው። ወረቀቱ ተንሸራትቶ ሁለቱን ጫፎች አገናኝቶ ባትሪው ክዳኑን እስኪያጣምም ግሎ ነበር። ብርማ ወረቀት መፍትሄ አይደለም!

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቦርዱን አውጡ። የፈሰሰው ዚንክ ካርቦን ከሆነ አሲድ ስለሆነ በቤኪንግ ሶዳ፣ አልካላይን ከሆነ በጥቂት አቼቶ አርክሱት፤ ከዚያ በአልኮል አጽዱና በደንብ ይድረቅ። ስፕሪንጉን በስስ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪታይ ፈትጉት። ባትሪ አስገብታችሁ የምትለኩት ስፕሪንጉ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ ነው፤ 3 ቮልት አካባቢ መኖር አለበት። ቁልፍ እንደተጫናችሁም ለኩ። ኤልኢዲው ስትበራ ብዙ ከረንት ስለምትስብ፣ ሳይነካ 3 የነበረው ከ2 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም መስመሩ ተበልቷል። የተበላውን በሽቦ ዝለሉት። እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ።

ቮልቱ ደህና ሆኖ ብርሃን ከሌለ፣ በተለይ ሪሞቱ ወድቆ ከሆነ፣ 455 የሚል የተጻፈባትን ክሪስታል ቀይሩ። 455 ኪሎኸርዙ (በሰከንድ 455,000 ምት) ለ12 ተካፍሎ ነው 38,000 የሚጠጋው ምት የሚገኘው። አዳዲሶቹ ሪሞቶች ክሪስታል የላቸውም፤ እነሱ ላይ የኤልኢዲዋን እግር ብየዳ እዩ።

ብርሃን አለ፣ ሪሲቨሩ ግን አይሰማም

መጀመሪያ የዚያው ሞዴል የሆነ ሌላ ሪሞት ሞክሩ፤ መልኩ ስለተመሳሰለ ብቻ ኮዱ አንድ አይሆንም። እሱም እንቢ ካለ የዓይኗን የመውጫ እግር ለኩ። ማንም ሳይጫን ወደ ምግቧ (ዓይኗ ወደምትሠራበት) ቮልት የተጠጋ መሆን አለበት፤ ቁልፍ ሲጫን ትንሽ ይወርዳል። ሁሌም ዜሮ ከሆነ ወይም ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ ዓይኗን ቀይሩ።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የዓይኗ እግሮች ቅደም ተከተል በሞዴሉ ይለያያል። ቪኤስ 1838ቢ የተባለችው ሞዴል ፊቷን ወደ እናንተ አዙራችሁ ከግራ ስትቆጥሩ መውጫ፣ ኔጌቲቭ፣ ፖዘቲቭ ነው። ቲኤስኦፒ 1738 ደግሞ ኔጌቲቭ፣ ፖዘቲቭ፣ መውጫ ነው። «ዓይን ዓይን ነው» ብሎ እንደመጣች የሚበይድ ሰው አዲሷን እዚያው ያቃጥላታል።

ከቅርብ ብቻ ይሰራል

የፊቱን ጥቁር ፕላስቲክ ጥረጉ፣ ከዚያ የክፍሉን መብራት አጥፍታችሁ ሞክሩ። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖልና የፍሎረሰንት ኤሌክትሮኒክ ባላስት ዓይኗን የሚያደነቁር ብልጭታ ይረጫሉ። መብራቱ ጠፍቶም ካልተሻሻለ ዓይኗ አጠገብ ያለችውን ትንሿን ካፓሲተር ቀይሩ፤ ስትደርቅ የዓይኗ ምግብ ይረበሻል።

ሪሲቨሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተደብቆ በዓይን ገመድ ሲሰራ

የዓይን ገመድ ዓይኗን ከሪሲቨሩ ውጭ የሚያወጣ ገመድ ነው። ጃኩን እስከ መጨረሻው ግፉት። ከሌላ ሪሲቨር የመጣ ገመድ ጃኩ ስለገጠመ ብቻ አትሰኩ፤ የሦስቱ ሽቦዎች ቅደም ተከተል በየፋብሪካው ስለሚለያይ ፖዘቲቩ መውጫው ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ቀሪዎቹ

አንድ ቁልፍ ብቻ ከሞተ ጎማውንና ቦርዱን በአልኮል አጽዱ። ሁሉም ቁልፍ ዝም ብሎ ካሜራው ላይ ሳትነኩት ብርሃን ካለ፣ የተጣበቀ ቁልፍ አለ። በድምፅ የሚታዘዙት ሪሞቶች ደግሞ አብዛኛውን የሚልኩት በብሉቱዝ ነው፤ ካሜራው ላይ ብርሃን አለመታየቱ እነሱን ተበላሽተዋል አያሰኝም፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር እንደገና አገናኟቸው።