የማስታወቂያ ድምፄን ከዜና አነባበብ ያላቀቅሁበት መንገድ

ለአንድ የቤት ዕቃ መደብር የቀረጽሁት የ30 ሰከንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ «ዜና ይመስላል» ተብሎ ሦስት ጊዜ ተመለሰብኝ፤ እኔም በየጊዜው ድምፄን ይበልጥ በማጎርነን ነገሩን አባባስሁት። ቀረጻዎቹን ደጋግሜ ሳዳምጥ ግን ችግሩ ያለው በድምፄ ውፍረት ሳይሆን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ እንደሆነ ተረዳሁ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ እያንዳንዱን «ነው» እና «ይገኛል» እንደ አዋጅ እየረገጥሁ እዘጋው ነበር፤ ሰው ሲጨዋወት ግን የሚያጎላው አዲሱን ወሬ የያዘውን ቃል ነው፣ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ ከግሡ ይቀድማል። ስለዚህ ያንን ቃል በእርሳስ አስምሬበት ግሡን ለስለስ አድርጌ መጣል ጀመርሁ።

ፊደላችን ጥብቀትን (አንድ ፊደል ጠብቆ ወይስ ላልቶ እንደሚነበብ) ስለማያሳይ፣ «የገና ቅናሽ» የሚለውን በጥድፊያ አላልቼ በማንበቤ በዓሉ ጠፍቶ «ገና ነው» የሚለው ብቻ ተሰምቶ ነበር (ደንበኛው ስቆ ማለፉ ዕድለኛ አደረገኝ)። አሁን በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አኖራለሁ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ጎረቤቴን የማናግር ያህል «እትዬ፣ ይህን ሰምተዋል?» ብዬ ጀምሬ፣ ሳላቋርጥ ወደ ጽሑፉ መግባትና ያችን መግቢያ በኋላ ቆርጦ መጣል ነው። በተጨማሪም በደንበኛው ፈቃድ «ጥራታቸውን የጠበቁና ተመራጭ የሆኑ» የሚለውን «ጠንካራ» በሚለው ተካሁት፤ በቤቱ እንደዚያ የሚናገር ሰው አላውቅምና። አራተኛው ቅጂ ያለ እርማት ተላለፈ።